የሐጃ ዘይን ሠላሳ ሰባተኛ ቀን

እናንተዬ፣ ሰው በሰው አገር ሆኖ የገዛ አገሩን ሲናፍቅ ነው የምናውቀው። የኔ ተገላቢጦሽ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጅዳን እናፍቃለሁ። በግዳዲያ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ጠባብ ማዕድ ቤት እናፍቃለሁ። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ከባሕሩ በኩል የሚመጣውን እርጥብ ነፋስ እናፍቃለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐጃ ዘይን የሚባሉ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ አሮጊት፣ አንዲት የዕጣን ፍሬ በጥፍራቸው ጫር አድርገው አፍንጫቸው ሥር ሲይዙ «እምም» የሚሏት ነገር ትናፍቀኛለች። ብትስቁብኝ ግድ የለኝም። እኚህን ሴት አንድ ዓርብ ጠዋት መካ ላይ በገዛ እጄ ልገድላቸው ነበር፤ ልነግራችሁ የተቀመጥኩትም ይህንኑ ነው።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ጅዳ ከመሄዴ በፊት ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ፤ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ራስን ማሞገስ ካልሆነብኝ፣ ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ። ጠመኔ እጄ ከገባ የሚያቆመኝ አልነበረም። ኑሮው ግን አላላውስ አለን፤ አባቴ ካረፈ በኋላ የታናናሾቼ ነገር እኔ ትከሻ ላይ ወደቀ። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ባሕሩን ሲሻገሩ እኔም ዲግሪዬን ከነፕላስቲኩ እናቴ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ ተከተልኳቸው። ቀድመው የሄዱት ሴቶች አንድ ነገር አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ ተምሬያለሁ እንዳትዪ፣ የተማረች ሠራተኛ ምላሷ ይረዝማል ብለው አይወዱም አሉኝ። ስለዚህ ማዳም አገርሽ ምን ትሠሪ ነበር ብላ ስትጠይቀኝ፣ ቤት ነበርኩ አልኳት። አራት ዓመት ሙሉ፣ ቤት እንደነበረች ሴት ሆኜ ኖርኩ።

አንድ አመል ደግሞ አለብኝ። ተሳሳትሽ መባል ያንገበግበኛል። ድሮ ክፍል ውስጥ ተማሪ ተነስቶ ሰሌዳው ላይ የጻፍሽው ልክ አይደለም ካለኝ፣ እውነቱን ቢሆን እንኳ፣ «ልፈትናችሁ ብዬ ነው» ብዬ አጠፋው ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ሲበግን ይውላል። ሠራተኛ ስሆን ይብስ ከፋብኝ። ሩዝ ቢያርርብኝ አረረብኝ ከማለት ይልቅ ያረረውን ደብቄ ጥዬ፣ ላቤ ጠብ እስኪል እንደ አዲስ እሠራ ነበር። ይህንን አመሌን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው።

ቤቱ በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ያርፋል። ማዳም ሐናን ከባሏ የተለያየች፣ ጠዋት ሥራ ወጥታ ከሰዓት የምትመለስ፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ወንድሟ ዋሊድ ከፊሌ፣ ማለትም ተጠሪ አሠሪዬ ነው፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ያለው የሱ ስም ነው፣ የሚኖረው ግን ሌላ ሰፈር። የኔ ውሎ ከእናታቸው ከሐጃ ዘይን ጋር ነበር። የሐጃ ጉልበት አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፤ ደረታቸውም ትንሽ ሲበርዳቸው ያፏጫል። አፍንጫቸው ግን ጉድ ነው። አባታቸው በድሮው የጅዳ ገበያ የዕጣን ነጋዴ ስለነበሩ፣ ከጆንያ ጆንያ እየዞሩ ዕጣን ሲመርጡ ነው ያደጉት። አሽትተው ይፈርዳሉ፤ ይቺ የዑማን፣ ይቺ የሶማሌ፣ ይቺ ያንቺ አገር ይሉኛል። «የናንተ ሉባን ብርቱካን ብርቱካን ይላል፣ ያ ቢንቲ» ይሉኝ ነበር፤ ያ ቢንቲ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ በሆዴ ዕጣንን ከብርቱካን ምን አገናኘው እልና እስቃለሁ።

ሉባን የሚሉት ዕጣንን ነው። የሐጃ ሉባን ደግሞ የሚጠጣ ነው። ማታ ማታ ነጭ ሸክላ ሳህን ውስጥ ሰባት ፍሬ ጨምሬ፣ የዘምዘም ውሃ አፍስሼበት፣ ከድኜ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ስከፍተው ውሃው ወተት መስሎ ያድራል። አጣርቼ በብርጭቆ አቀብላቸዋለሁ፤ ምንም ሳይቀምሱ፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ቢስሚላህ ብለው ይጠጡታል። ለጉልበትም ለደረትም ነው ይላሉ። ሕጉ ታዲያ አርባ ቀን ሳይቋረጥ ነው። አንድ ቀን ከተዘለለ ያለፈው ሁሉ አይቆጠርም፤ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ሐጃ ቀኑን የሚቆጥሩት በደረቅ የተምር ፍሬ ነበር፤ በየጠዋቱ አንዲት ፍሬ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ያዛውራሉ።

ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ላይ ደርሰው ነበር። ሐጃ ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ ዑምራ፣ ትንሹን ሐጅ አድርሱኝ ብለው፣ ማዳም ሐናን መካ ሚስፈላ ሰፈር ለሦስት ቀን ቤት ተከራየች። ሐሙስ ጠዋት ዕቃ ስናሰናዳ ማዳም ሦስት ጊዜ «ሉባኑን እንዳትረሺ» አለችኝ። በሦስተኛው ጊዜ ደሜ ፈላ። ሕፃን አይደለሁም ማዳም፣ አልረሳም አልኳት። ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ ሐጃ ከሶፋው ላይ ሆነው ቀና ብለው አዩኝ።

ያቺን ሐሙስ እስከ ዛሬ አልረሳትም። የሐጃን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ካዕባን ያዞርኳቸው፣ ጠዋፍ ያስደረግኳቸው እኔ ነኝ። ሰባቱን ዙር ስንዞር ሐጃ ከንፈራቸው አላረፈም። አራተኛው ዙር ላይ ይመስለኛል፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው እጄን ያዙና «የእናትሽ ስም ማነው?» አሉኝ። ዘሃራ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ዘሃራ የሚለውን ስም ስሰማ እንባዬ መንገዱን ጋረደኝ። ሐይቅ የተቀመጠችው እናቴ፣ አንዲት የጅዳ አሮጊት ካዕባ ፊት ስሟን እየጠሩ ዱዓ እንዳደረጉላት የምታውቀው ነገር አልነበራትም።

ቤት ስንመለስ ሁላችንም ድቅቅ ብለን ነበር፤ እኔ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የተኛሁት። የነቃሁት ለሱብሒ ሶላት ነው። ሰግጄ ስጨርስ ነው ሳህኑ ትዝ ያለኝ። ሉባኑን አላሳደርኩትም!  ሻንጣውን ገለበጥኩት፤ የለም። የሐጃን የመድኃኒት ቦርሳ በረበርኩ፤ የለም። የሉባኑ የወረቀት ከረጢት ጅዳ ማዕድ ቤት መስኮት ላይ፣ እንዳስቀመጥኳት ወለል ብላ ታየችኝ። ሱቁ እታች ነው፣ ሚስፈላ ውስጥ ሉባን የማይሸጥበት መንገድ የለም፤ ግን ተገዝቶስ? ሉባን ሌሊቱን ካላደረ ውሃው አይነጣም። ሐጃ ደግሞ ጓዳቸው ውስጥ ሶላታቸውን ጨርሰው መቁጠሪያ ይዘው ተስቢሕ ላይ ናቸው፤ ጥቂት ቆይተው ይጠሩኛል።

ረሳሁት ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን የማዳም ሦስት ጊዜ «እንዳትረሺ»፣ የኔ «ሕፃን አይደለሁም» ከፊቴ ተደቀነብኝ። ሠላሳ ስድስቱ የተምር ፍሬም ከንቱ ሊቀር ነው። በዚህ መሀል ዓይኔ የመድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ካለች ጠቆር ያለች ትንሽ ጠርሙስ ላይ አረፈ። ዋሊድ ለሐጃ ጉልበት ማሻ ብሎ የገዛው የሉባን ዘይት ነው። እንዴ፣ ይኸው ሉባን! ከዚያው ከፍሬው የወጣ፣ እንዲያውም የተጣራ፣ ዋናው ጭማቂው አይደል እንዴ አልኩ። ዘምዘም በብርጭቆ ቀዳሁና በጠብታ ማውጫው ሁለቴ ሙሉ አድርጌ ጨመርኩበት። አማሰልኩት፤ ዘይቱ ተመልሶ ከላይ ተንሳፈፈ። ውሃውም እንደ ውሃ ጥርት እንዳለ ነው። ሉባን ያደረበት ውሃ ነጭ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ፍሪጅ ከፍቼ የሻይ ወተት ትንሽ ጠብ አደረግኩበት።

አያችሁ? ቅባት በውሃ እንደማይሟሟ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ብርጭቆ ይዤ አሳያለሁ። ያን ጠዋት ግን ዓይኔ እያየ ያን ወተት ጨመርኩ። እውቀቴን ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ስለኖርኩ ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወተቱ ግን እውቀት ማጣት አልነበረም። ወተቱ ውሸት ነው።

ሐጃ ጠሩኝ። ብርጭቆውን ይዤ ገባሁ፤ ማዳምም ተነስታ ሻይ እየጠጣች አጠገባቸው ተቀምጣለች። ሐጃ ብርጭቆውን ተቀበሉኝ፣ ዓይኔን ትኩር ብለው አዩት፣ ቢስሚላህ አሉና እንደ ልማዳቸው በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡት ጀመር። ጨልጠው ሳይጨርሱ ትን አላቸው። ዘይቱ ከላይ ስለነበር የመጀመሪያው ጉንጭ ሙሉ እሱ ነው። ሳል ያዛቸው፤ ሳሉ አልቆም አለ፤ ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ከንፈራቸው ጠቆረ። ደረታቸው ከሩቅ የሚሰማ ፉጨት ጀመረ።

ማዳም ሮጣ ወጥታ ጨው በውሃ በጥብጣ መጣች። የሆነ ነገር መርዟታል፣ እናስመልሳት ብላ የሐጃን አፍ ልትከፍት ስትል፣ ያን ጊዜ ከውስጤ አስተማሪዋ ሰዓዳ ተነሳች። ላምባ የጠጣን ሰው አታስመልሱ፤ ቀጭን ፈሳሽ ነው፣ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ሲወርድ ካደረሰው ጉዳት ሲመለስ የሚያደርሰው ይብሳል። ይህንን በየዓመቱ፣ በመጀመሪያው የላቦራቶሪ ቀን እናገር ነበር። የሉባን ዘይትም ዓይነቱ እንደዚያው ነው። የማዳምን እጅ ያዝኩት።

«አታስመልሻቸው!» አልኩ። «ሳንባቸው ውስጥ ይገባል።»

«ምኑ ነው የሚገባው? የጠጣችው ሉባን አይደል እንዴ?»

ዝም ብል ጨው ውሃውን ታጠጣቸዋለች። ብናገር የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሰው አገር ሠራተኛ አሮጊት መረዘች ሲባል መጨረሻዋ ምን እንደሚሆን እንኳን እኔ፣ ትናንት የመጣችም ታውቃለች። ሐጃ ግን ዓይናቸውን ፈጥጠው አየር እየለመኑ ነው። በየዙሩ ዘሃራ፣ ዘሃራ ያለው አፍ ነው ጥቁር የሆነው።

«ዘይቱን ነው የሰጠኋቸው» አልኩ። «ሉባኑን ጅዳ ረሳሁት። የጉልበቱን ዘይት በውሃ አድርጌ፣ ወተት ጨምሬበት ሰጠኋቸው።»

ማዳም ጨው ውሃውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና ለአምቡላንስ ደወለች። እስኪመጣ ሐጃን ቀጥ አድርጌ አስቀምጬ ጀርባቸውን ደግፌ ያዝኩ። ማዳም አልከለከለችኝም፣ አላየችኝምም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሱዳናዊት ሐኪም ናት፤ ወጣት፣ ረጋ ያለች። ምን ያህል፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ አስመልሷቸዋል ወይ ብላ ጠየቀች። ሁሉንም መለስኩ፤ ጠርሙሱንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ገልብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ነርሷን ውስጡ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። ነርሷ አላወቀችም። አፌ ራሱ ተከፈተ። አብዛኛው አልፋ ፓይኒን ነው፣ ትንሽ ሊሞኒንም አለበት፣ ከአኳራጅ ጋር የሚዛመድ ነገር ነው አልኩ፤ እኔም በእንግሊዝኛ። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የጥድ አኳራጅ ዋናው ነገሩ ያው አልፋ ፓይኒን ነው። ሐኪሟ ቀና አለች። አንቺ ማነሽ አለችኝ። አራት ዓመት ያላልኩትን አልኩ፤ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። ማዳም ሐናን ዞር ብላ አየችኝ፤ ከጠዋቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዋሊድ ከጅዳ ደረሰ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ኮሪደሩን ሞልቶ መጣ። እህቱ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አስተማሪነቴን ስትነግረው እኔ እንኳ፣ ሞኝ፣ ይህ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። ፊቱ ተለወጠ።

«ኬሚስት ናት? አራት ዓመት ደብቃን? እንግዲያስ እያወቀች ነው!»

ወላሂ፣ እንደዚያ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ያልተማረች ብሆን ተሳሳተች እባላለሁ። የተማርኩ ስለሆንኩ፣ ያውም የደበቅኩ ስለሆንኩ፣ ገዳይ ሆንኩ። ኢቃማዬን ተቀበለኝ። እናቴ ከተነሳች እንነጋገራለን፣ ካልተነሳች ግን የምታነጋግሪው ፖሊስ ነው አለኝ።  ወተት መጨመሬን በምን አማርኛ፣ በምንስ ዓረብኛ አስረዳዋለሁ? ለመርዝ አይደለም፣ ለነጭነት ነው ብል ማን ያምነኛል?

ያንን ዓርብ ኮሪደሩ ላይ ዋልኩ። ሐጃ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል፤ ራጅ ታይቶ የቀኝ ሳንባቸው ሥሩ ላይ ተቆጥቷል ተባለ። ሐኪሟ አንዴ ስታልፍ አጠገቤ ቆም አለችና አስመልሳችኋቸው ቢሆን ኖሮ አሁን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው አለችኝ። አብሽሪ፣ አይዞሽ ብላኝ ሄደች። ይህችን ቃል ይዤ ሌሊቱን አደርኩ። በሐሳቤ ለእናቴ ብዙ ዓይነት ስልክ ደወልኩ፤ አንዱንም አልጨረስኩትም። ሐጃ እንዲድኑ ዱዓ ሳደርግ ለሳቸው ነው ለራሴ ነው የምለምነው እያልኩ፣ መለየት አቅቶኝ አለቀስኩ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ወደ ዙህር ሶላት ግድም ማዳም ወጥታ ሰዓዳ፣ ትጠራሻለች አለችኝ።  ስገባ ዋሊድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሐጃ ትራስ ተደርጎላቸው ቀና ብለዋል፤ ቱቦው ከአፍንጫቸው ተነስቷል። ድምፃቸው ሻክሯል። አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ እጃቸውን ሳምኩ፤ ይቅር ይበሉኝ ከማለቴ በፊት ተናገሩ።

«ወተቱ እኮ ሸቶኝ ነበር» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሰባ ዓመት ሉባን ጠጥቻለሁ፤ ወተት ገብቶበት አያውቅም። ብርጭቆውን ሳታቀብዪኝ ነው የሸተተኝ። ዓይንሽን አየሁት። ረስታው መጥታለች፣ ሐናን ልትቆጣት ነው አልኩ። እንዳታፍሪ ብዬ ጠጣሁት።»

«ዘይቱስ ሐጃ?»

«ዘይቱም ሸቶኛል። ሁለት ጠብታ መስሎኝ ነበር። አንቺ ቸር ነሽና» አሉ፤ ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው።

ከመሬት አልተነሳሁም። እኔ ላለማፈር ዋሸሁ፤ እሳቸው እኔ እንዳላፍር እያወቁ ጠጡ። በመካከላችን የነበረችው አንዲት «ረሳሁት» የምትባል ቃል ናት፤ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ብንላት ኖሮ ሐጃ አንድ ብርጭቆ ዘምዘም ጠጥተው አልሐምዱሊላህ ይሉ ነበር። ሠላሳ ሰባተኛውን ቀን አበላሸሁብዎ ብዬ ስንሰቀሰቅ፣ ራሴን ዳበሱኝ።

«ከአንድ እንጀምራለን» አሉ። «የምቸኩልበት የለኝ።» ቀጥለውም፣ «ደግሞ አስተማሪ ነሽ አሉኝ። አራት ዓመት ጉልበቴን ስታሺ አስተማሪ ነበርሽ?»

«አዎ፣ ሐጃ።»

«እኔ ሰው አጣሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሳወራ!» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዋሊድ፣ ኢቃማዋን ስጣት። ኸላስ።»

ዋሊድ ሰጠኝ። ይቅርታ አላለኝም፤ ከሱም አልጠበቅኩም። ሐጃ ከሆስፒታል ወጥተው ጅዳ በገባን በሳምንቱ ግን ሦስት ዓይነት ሉባን ገዝቶ መጥቶ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈና፣ የቱ እንደሚሻላት አንቺ ምረጪ አለኝ። የዚያን ሰው ይቅርታ የተቀበልኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አንድ ዓመት ከምናምን ወራት ናቸው እንግዲህ የሚናፍቁኝ። ከአስር ሶላት በኋላ ሐጃ መስኮቱ ሥር ይቀመጡና «ያላ፣ አስተማሪዋ» ይሉኛል። አንድ የዕጣን ፍሬ እይዝና ውስጡ ሦስት ነገር እንዳለ እነግራቸዋለሁ። አንደኛው ሙጫው ነው፤ ውሃ የሚያሟሟው እሱን ነው፣ ውሃውን ወተት የሚያስመስለውም እሱ ሲሟሟ ሌላውን አብሮ በትኖ ስለሚይዝ ነው። ሁለተኛው ዘይቱ ነው፤ ቀላል ነው፣ በእንፋሎት ይነሳል፣ ሽታው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ከባዱ ሬዚን ነው፤ ቦስዌሊክ አሲድ የሚባለው፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ይረዳ ይሆናል እየተባለ የሚጠናው፣ እዚያ ውስጥ ነው። እንፋሎት ግን እሱን አያነሳውም፤ ድስቱ ሥር ይቀራል። ስለዚህ የዋሊድ ጠርሙስ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ ለጉልበት ይሆናል የተባለው ነገር ጠርሙሱ ውስጥ የለም አልኳቸው። ሐጃ ሳቁ። «እንግዲያስ ያን ሁሉ ጊዜ ጉልበቴን ያስታገሰው እጅሽ ነዋ» አሉኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ተራው የኔ ሆነ። የኛን አገር ዕጣን ይዘው፣ እስቲ ለምን ብርቱካን እንደሚል ንገሪኝ አሉ። ስልኬ ላይ ፈልጌ ሳነብ ደንግጬ ቀረሁ። የዑማኑ ዘይት በብዛት አልፋ ፓይኒን ነው፤ የኛው የመተማና የአበርገሌው ግን በብዛት ኦክታይል አሲቴት ነው። እሱ ደግሞ ብርቱካን ውስጥም የሚገኝ፣ ሽታውም ብርቱካን ብርቱካን የሚል ነገር ነው። ኬሚስቶች በመሣሪያ የሚለዩትን ሐጃ በልጅነታቸው፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ለይተውታል። እኔ በሆዴ ስቄባቸው ነበር። ይህንንም አልደበቅኳቸውም፤ ስቄብዎት ነበር አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ።

አርባውን ቀን ከአንድ ጀምረን ጨረስነው። ጉልበታቸው ተሻለው ወይ ብትሉኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙም አልተሻለው። ደስ ብሏቸው ግን ጨረሱት። ከዚያ አንድ ቀን ማዳምንና ዋሊድን አስቀምጠው፣ ይህቺን ልጅ የምታስተምራቸው ልጆች አገሯ እየጠበቋት ነው፣ ወረቀቷን ጨርሱላትና በክብር ትግባ አሏቸው። እኔ አልሄድም ብዬ አለቀስኩ። ሐጃ ያንን የሉባን ማሳደሪያ ነጭ ሸክላ ሳህን በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። በጠርሙስ የሚሸጠውን የዕጣን ዘይት ተፈጥሮ ነው ብላችሁ አትጠጡት፣ ለልጅም አታጠጡ። ተሳስቶ የጠጣ ካለ አታስመልሱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሩጡ። ሁለተኛው ይከብዳል። የረሳችሁትን ረሳሁ በሉ። ያረረውን አረረብኝ በሉ። እኔ ይህቺን ለመማር የሰው እናት ልገድል ነበር።

ዛሬ ተመልሼ አስተምራለሁ፤ ዲግሪዬም ከሣጥኑ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን ላይ ያንን ነጭ ሳህን ክፍል ይዤ እገባለሁ፤ ውሃ እሞላበትና የዕጣን ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። ልጆቹ ከበው ዘይቱ ሲንሳፈፍ ያያሉ፣ ያሸታሉ። የዘንድሮው ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ማዳም ሐናን ደወለችልኝ። ሐጃ ዘይን በሰላም፣ በእንቅልፋቸው አረፉ አለችኝ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ብዙ አለቀስን።

በሳምንቱ ሳህኑን ይዤ ክፍል ገባሁ። እንደ ወትሮው ዘይቱን ጠብ አድርጌ አስተማርኩ። በማግስቱም ሳህኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ፣ ከኋላ የተቀመጠችን አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሺና የትናንቱን ንገሪን አልኳት። ተነሳች። ደብተሯን አየች፣ ጓደኛዋን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ የማውቀውን ፍርሃት ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ቀና አለችና በቀስታ «ቲቸር፣ ረሳሁት» አለችኝ።

ሳህኑን ወደሷ አስጠጋሁላት።

«ጎበዝ» አልኳት። «ነይ፣ ከአንድ እንጀምራለን።»